በሆስፒታል ስለ መውለድ፦ ሕይወቴን አትርፈውልኛል፤ ምን እያደረጉብኝ እንደሆነ ግን የነገረኝ አልነበረም

የጅሩ ልጅ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የበኩር ልጄን በሰሜን ሸዋ ዞን ከሚገኙት ሆስፒታሎች በአንዱ የወለድኩት ባለፈው ክረምት ነው። ነገሩን ለመጻፍ አስቤ ደጋግሜ የተውኩት «ልጅሽን አቅፈሽ ከገባሽ በኋላ ምን ጎደለብሽ?» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር ስለማውቅ ነበር። አሁን የምጽፈው ያ ጥያቄ ራሱ መልስ ሊያገኝ ይገባል ብዬ ስላመንኩ ነው። የሆስፒታሉንም የሠራተኞቹንም ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዬ ከአንድ ሰው ጋር ቢሆን ኖሮ እዚያው ተነጋግረን እንጨርሰው ነበርና።

የእርግዝና ክትትሌን ያደረግኩት በወረዳችን ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ያለችው አዋላጅ በስሜ ትጠራኛለች፤ እናቴንም ታውቃታለች። ምጤ በጀመረበት ሌሊት የምጡን ሂደት የምትመዘግብበትን ወረቀት አልጋዬ አጠገብ አስቀምጣ፣ የልጁን የልብ ምት በየጊዜው እያዳመጠች አደረች። ሊነጋጋ ሲል አጠገቤ ቁጭ ብላ «የማህፀንሽ በር በሚገባው ፍጥነት እየተከፈተ አይደለም። ልጁ ለጊዜው ደህና ነው፤ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ግን እዚህ አንሠራም። ሳይረፍድ ወደ ሆስፒታል ብንሄድ ይሻላል፤ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ቢሆንም ተጠይቄ በመሄዴ ፍርሃቴ ቀለለልኝ። በአምቡላንሱም አብራኝ ተሳፍራ መጣች፤ የሪፈር ወረቀቱን በእጇ አስረክባ፣ ግንባሬን ስማኝ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሌላ ዓለም ነው። እናቴን የማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ «አስታማሚ አይገባም» ብለው አስቀሯት። ጋቢዬን አውልቄ እንድሰጥ ታዘዝኩ፤ የደጋውን የክረምት ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መጋረጃ በሌለው ክፍል ውስጥ ከሌሎች ወላዶች ጎን ተጋደምኩ። የመጣው ሁሉ መረመረኝ፤ ማን ሐኪም፣ ማን አዋላጅ፣ ማን ተማሪ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ምርመራው ካለቀ በኋላ እርስ በርሳቸው ቁጥር ተነጋግረው ይሄዳሉ፤ ቁጥሩ የእኔ ማህፀን መሆኑን ረስተውት ይመስላል። ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተተከለ፤ ምጡን የሚያፋጥን መድኃኒት እንደ ነበረበት ያወቅኩት ወደ ቤቴ ስመለስ የተሰጠኝን ወረቀት ባለቤቴ ሲያነብልኝ ነው። ስሜም ቀረና በአልጋዬ ቁጥር ተጠራሁ። እኛ ጅሩዎች ሰንጋ ስናደልብ እንኳ በስሙ እየጠራን፣ እያባበልን፣ በእጃችን እያጎረስን ነው፤ በዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ይህ ትዝ ሲለኝ በምጥ መካከል ሳቄ መጥቶ ነበር።

ማርያምን ስጠራ «አትጩሂ» ተባልኩ። ልጁ ሊወጣ ሲቃረብ አንድ ሰው ከበላዬ ቆሞ ሆዴን በሁለት እጁ ወደ ታች ተጫነኝ። ተቀደድኩ ወይስ ተቆረጥኩ የሚለውን ያወቅኩት በኋላ ስሰፋ ነው፤ መርፌዋ ስትገባና ስትወጣ ሁሉ ይታወቀኝ ነበር። ልጁ እንደ ወጣ አላለቀሰም። ወደ ጥግ ወስደውት ሁሉም ጀርባቸውን ሰጡኝ። «ልጄ አለ?» አልኩ፤ መልስ የለም። ደግሜ ጠየቅኩ፤ አሁንም የለም። በመጨረሻ ወለሉን ስትወለውል የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ጥጉ ሄዳ አየችና፣ ተመልሳ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ወንድ ልጅ ነው፤ እየተነፈሰ ነው፤ አይዞሽ» አለችኝ። የተነገረኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

በዚህ አላበቃም። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ደም በዛብኝ፤ እንደገና ሆዴን ይጫኑኝ፣ ያሹኝ ጀመር። መርፌ ወጉኝ፣ ተሯሯጡ፣ ደሙም ቆመ። ልጄም እኔም ያለነው በእነዚያ እጆች ነው፤ ይህን አልክድም። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ከደረሰብኝ ነገር ውስጥ የትኛው ሕክምና፣ የትኛው ግዴለሽነት እንደ ነበር መለየት አልቻልኩም። ሁሉም በአንድ ዓይነት ዝምታ ነው የተደረገብኝ። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ አንድ ሰው እየሠራ «አሁን ይህን የማደርገው በዚህ ምክንያት ነው» ቢል ሥራው ይዘገይበታልን? የእናንተስ ተሞክሮ ምን ይመስላል?


የአረርቲ እናት፦

እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ልጁንም ታሳድግልሽ። እኔ ሁለቱንም የወለድኩት በሆስፒታል ነው፤ የመጀመሪያው ያንቺን ይመስላል፣ ሁለተኛው ግን ፈጽሞ የተለየ ነበር። ሕንፃውም አልጋውም ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣችው የዚያን ዕለት ተረኛ የነበረችው አዋላጅ ናት። ከገባሁ ጀምሮ ስሟን ነግራኝ፣ ስሜን ጠይቃኝ፣ እጇን ሆዴ ላይ ከማሳረፏ በፊት «ላይሽ ነው» ትለኝ ነበር። የሚያሳዝነኝ እንዲህ ያለው መስተንግዶ በዕጣ የሚደርስ መሆኑ ነው።


እውነቱን ለመናገር፦

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። የምጽፈው ቢያስከፋሽ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ ያደግኩት ከጣርማ በር በላይ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ነው። እናቴ የመጨረሻ ልጇን ቤት ውስጥ ወልዳ፣ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም ሲፈሳት አደረ። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቃሬዛ ተበጅቶ፣ አስፋልት ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፈች። የቤት እንስሳ እንኳ ያልሰማ በሚመስል ጸጥታ ሬሳዋን ይዘው ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ልጅ ነበርኩ። እንግዲህ እኔ «ስሜን አልጠሩኝም፣ መጋረጃ አልነበረም» የሚል ጽሑፍ ሳነብ ምን እንደሚሰማኝ ገምቱ። ሰድቧትም ቢሆን የሚያተርፋት ሐኪም ለእናቴ ባገኘሁላት! አንዲት አዋላጅ ለሊቱን ሙሉ ብቻዋን ስንት ምጥ እንደምታስተናግድ ማን አስቦ ያውቃል? ባለሙያዎቹ በእንዲህ ያለ ወቀሳ ተማርረው ሥራውን ጥለው ቢሄዱ ተጎጂዎቹ የእኛው እኅቶች ናቸው። ምስጋና ይቅደም ባይ ነኝ።


አዋላጅ ነርስ ነኝ፦

ይህን ክር ከጀመረችው እኅቴ ይቅርታ በመጠየቅ ልጀምር፤ ያዋለድኩሽ እኔ ባልሆንም የሙያው ባልደረባ ነኝ። በዚሁ ዞን በማዋለጃ ክፍል ስሠራ ዓመታት አልፈውኛል። «የትኛው ሕክምና፣ የትኛው ግዴለሽነት እንደ ነበር መለየት አልቻልኩም» ላልሽው የማውቀውን ያህል ልንገርሽ፤ ማንም ያልነገረሽን ዘግይቶም ቢሆን መስማት ይገባሻል።

ሆድሽን ሁለት ጊዜ ተጭነውሻል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ከወለድሽ በኋላ የተደረገው፣ ደምሽ ሲበዛ ማህፀንሽን ከላይ ማሸታቸው፣ ሕይወት የሚያተርፍ ሥራ ነው። እንግዴ ልጁ ተጣብቆበት በነበረው ስፍራ የሚገኙት የደም ሥሮች የሚዘጉት ማህፀን ሲኮማተር ነው፤ ካልተኮማተረ ደሙ ይፈሳል። ስለዚህ በእጃችን ፈልገን እንደ ጠነከረ እናረጋግጣለን፤ ከለሰለሰ እስኪጠነክር እናሻለን። ያማል፤ አውቃለሁ። የተወጋሽውም ማህፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ሳይሆን አይቀርም። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉ ይደክማል፤ እኛ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ሻማ ሳይሆን ወደ መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ የሆነው ለዚህ ነው።

ልጁ ከመወለዱ በፊት ሆድሽን ወደ ታች መጫናቸው ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክረ ሐሳብ ይህን ማድረግ አይመከርም። አሮጌ ልማድ ነው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ቀጥሏል። መቁረጥንም በተመለከተ እንዲሁ ለሁሉም ወላድ እንደ ደንብ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ልጁ ተጨንቆ በቶሎ መውጣት ሲኖርበት ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ልጅሽ ሳያለቅስ በመውጣቱ ምናልባት በቂ ምክንያት ነበራቸው ይሆናል። ምክንያቱ ቢኖርም እንኳ አስቀድሞ መንገርና ማደንዘዝ ግዴታ ነው፤ ከመስፋትም በፊት ማደንዘዣው መሥራቱን መፈተሽ ያስፈልጋል። ወደ ጥግ የወሰዱት አየር ሊሰጡት ነው፤ በዚያች ደቂቃ ጀርባ መስጠታቸው አይቀርም። ነገር ግን ጀርባን ሰጥቶም መናገር ይቻላል። «እየረዳነው ነው» ለማለት አንድ ትንፋሽ በቂ ነው።

«እውነቱን ለመናገር» ላሉትም ወንድሜ፣ የእናትዎን ነፍስ ይማር። ስለ እኛ ስለ ተከራከሩልን አመሰግናለሁ፤ የጠቀሱት ጫናም እውነት ነው። አንዷ እየገፋች ሌላዋ ስትደማ፣ ውኃ ተቋርጦ በጀሪካን እየቀዳን የታጠብንባቸው ሌሊቶች አሉ። እንዲያም ሆኖ ድካም ያስረሳል እንጂ አያሰድብም። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተገበረው የአምስት ዓመት የለውጥ ዕቅድ ውስጥ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ ነበር። ሥልጠናውን ወስደናል፤ ፖስተሩም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሥልጠናው ሲያልቅ ግን የሚሆነውን የሚወስነው አንጋፋዎቹ በአዲሶቹ ፊት እንዴት እንደሚሠሩ ነው። ተማሪ የሚኮርጀው ያየውን ነው፤ ዝም ብሎ የሚሠራ አስተማሪ ዝም ብሎ የሚሠራ ተማሪ ያወጣል።


የጅሩ ልጅ፦

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉልኝን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላትና ሁለታችንም አለቀስን። ስለ ሁለተኛው መጫን ሳነብ ለእነዚያ ሰዎች ያለኝ ስሜት ተለወጠ፤ በጣም ያመመኝና አብልጬ የተቀየምኩት እርሱ ነበርና። ያተረፈኝን እጅ ተቀይሜ ወራት መቆየቴን ልብ ይበሉልኝ። ባለሙያውስ ቢሆን ከዚህ ዝምታ ምን ተጠቀመ? ሊመሰገንበት በሚገባው ሥራ ተጠልቶበታል።

«እውነቱን ለመናገር»፣ የእናትዎን ነገር ሳነብ ቆም ብዬ ነው የቀጠልኩት። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ክርክርዎን አላቃልለውም፤ ግን እስከ መጨረሻው ልከተለው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደርሰዋል። ይህ ብዙ ልፋት የተደረገበት ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ተንከራትተውበታል፣ አምቡላንስ ተገዝቶበታል። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወሊድ ከተቋም ውጭ ነበር። እነዚህ እናቶች ሁሉ የቀሩት በመንገድ ርቀት ብቻ ይመስልዎታል? የእኔ ጎረቤት ነፍሰ ጡር ናት። ጥየቃ መጥታ ያሳለፍኩትን ስትሰማ «እኔስ እዚሁ እናቴ ቤት ይሻለኛል» አለች። ያን ጊዜ የእርስዎን እናት አላውቃቸውም ነበር፤ ያኔ ባውቃቸው ኖሮ ታሪካቸውን እነግራት ነበር። አንዲት ሴት መዋረድን ፈርታ ቤቷ ከቀረችና ደም ቢፈሳት፣ ያ ቃሬዛ ነው ተመልሶ የሚመጣው። ስለዚህ እኔና እርስዎ የምንፈራው አንድ ነገር ነው።


ጀማ ማዶ፦

የወንድ አስተያየት ከተፈቀደ እኔም የምለው አለኝ። እኛ ከመርሐ ቤቴ ወገን ነን። ባለቤቴ ምጥ ጠንቶባት ከቆላው ቀበሌያችን እስከ መኪና መንገዱ ድረስ በቃሬዛ ያወጣናት የሰፈር ሰዎች እየተፈራረቅን ነው፤ በእኛ ዘንድ ለዚህ የሚሆን የተደራጀ ማኅበር አለ፣ ሲጠራ ያልመጣ ይቀጣል። ይህን የምጠቅሰው ሆስፒታል በር ላይ የሚደርስ ሰው ከየት እንደመጣ ባለሙያው ቢያውቅ አነጋገሩ ይለወጥ ነበር ብዬ ስለማስብ ነው። ላብና ጭቃችን ሳይደርቅ «ለምን እስከ አሁን ቆያችሁ?» ነበር የመጀመሪያው ሰላምታ።

ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋት ሲወሰን ወረቀት አምጥተው ፈርም አሉኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቅ «ካልፈረምክ አንሠራም» ተባልኩና ፈረምኩ። ባለቤቴ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ነቅታ ተጋድማለች፤ ማንበብም ትችላለች፣ እንዲያውም ከእኔ ትምህርት ትበልጣለች። እርሷን የጠየቃት አልነበረም። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አልቆ ሴት ልጅ ታቀፍን። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ «ሆዴ ሲቀደድ አንተ ነህ የፈቀድከው» እያለች ትቀልድብኛለች፤ ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር እንዳለበት ይገባኛል። ሲስተር፣ የባል ፊርማ ግዴታ ነው እንዴ?


አዋላጅ ነርስ ነኝ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ። ለአካለ መጠን የደረሰች፣ አእምሮዋን የምታውቅ፣ ነቅታ ያለች ሴት ፈቃዷን የምትሰጠው ራሷ ናት። ቤተሰብ የሚጠየቀው እርሷ ራሷን ስታ ወይም መናገር አቅቷት ሲገኝ ነው። ብዙ ቦታ የባል ፊርማ የሚፈለገው ኋላ ጠብ ቢነሣ መከላከያ ይሆነናል ተብሎ ነው። ወረቀቱም ቢሆን ከማስፈረም በፊት ኦፕራሲዮኑ ለምን እንዳስፈለገ፣ ምን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል፣ ሌላ አማራጭ አለ ወይስ የለም የሚለውን ማስረዳት ይቀድማል። ሳይረዳ የፈረመ ሰው ፈርሟል እንጂ ፈቅዷል አይባልም።


የግሼ የልጅ ልጅ፦

ይህን ክር ለአያቴ ሳነብላት ቆይቼ «እኔም የምለውን ጻፊልኝ» ስላለችኝ ቃሏን እንዳለ አሰፍራለሁ። አያቴ በግሼ በኩል በሚገኝ ገጠር የልምድ አዋላጅ የነበረች፣ በርካታ ሴቶችን ያዋለደች ናት።

«ልጆቼ፣ እኔ እጄን አጥቤ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ጤና ጣቢያ ጠርተው 'እማማ፣ ከእንግዲህ አምጪልን እንጂ አታዋልጂ' ሲሉኝ እሺ ብያለሁ፤ ደም ሲያቅተኝ ያየሁት ስላለ ነው እሺ ያልኩት። አሁን ሴቲቱን ደግፌ፣ ወገቧን እያሸሁ አደርሳታለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ልጅ እግሯ ነርስ 'አንቺ ውጪ' ትለኛለች። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸ አይደል! ይሁን፣ መርፌውንና መቀሱን እነርሱ ይያዙ፤ እኔ ከእነርሱ ሥራ አልገባም። ግን ወላድ ዓይኗ ዘመድ ይፈልጋል። እጇን የሚይዝ ቢኖር፣ ወገቧን የሚያሽላት ቢኖር፣ ውኃ ፉት የሚያደርጋት ቢኖር ጩኸቷም ይቀንሳል፣ ለእነርሱም ይቀላቸዋል። ገንፎውንም እዚያው እናገንፋ፣ ቡናውንም እናፍላ፤ በእኛ ጤና ጣቢያ ይህን ፈቅደዋል፣ ሴቶቹም ከፊቱ ይልቅ ይመጣሉ። ትልቁ ሐኪም ቤት ለምን ያንሳል?»

ቃሏ ይኸው ነው። «ለዚያች ወለል ወልዋይ ልጅ ምርቃቴን አድርሺልኝ» ብላለች።


እውነቱን ለመናገር፦

እማማን እጅ እነሣለሁ። የጅሩ ልጅ ለሰጠሽኝ መልስም አመሰግናለሁ፤ ስለ ጎረቤትሽ የጻፍሽው አሳስቦኛል። አሁንም ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ሁሉም ወላድ ዘመዷን ይዛ ትግባ ከተባለ፣ መጋረጃ በሌለው ክፍል ውስጥ የአንዷ አስታማሚ የሌላዋን ገመና ሊያይ አይደለምን? ጫማውን ጭቃ ይዞ የሚገባ፣ በስልክ የሚያወራ፣ ባለሙያውን የሚያዋክብ ይበዛል። በር ላይ የሚያስቀሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።


አዋላጅ ነርስ ነኝ፦

ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ እኛም ስብሰባ ላይ የምናነሣው ይህንኑ ነው። ሆኖም በሩን መዝጋት ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ቀላሉ እንጂ ትክክለኛው አይደለም። በአልጋ መካከል መጋረጃ መስቀል ሽቦና ጨርቅ እንጂ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አስታማሚዋ አንዲት ብቻ፣ ወላዷ ራሷ የመረጠቻት ሴት ትሁን፤ ስትገባ ነጠላ ጫማ ለውጣ፣ እጇን ታጥባ ትግባ፤ ከራስጌ በኩል ትቀመጥ። እኔ በምሠራበት ክፍል ይህን ስንሞክር መጀመሪያ ብዙ ተጉረምርመን ነበር። ኋላ ግን አስታማሚዋ ራሷ «ሲስተር፣ ልትገፋ ነው መሰለኝ»፣ «ሲስተር፣ ደሙ በዝቷል» እያለች ትጠራን ጀመር። ሌሊት በሁለት ዓይን ስንት አልጋ ይታያል? የጓደኛ ያህል አግዘውናል። መንገድ ያጣነው ለወንዶች ነው፤ ባል እንዲገባ የምትፈልግ እናት አለች፣ ክፍሉ የጋራ በመሆኑ ግን እስከ አሁን አልተቻለም።


የጅሩ ልጅ፦

የተባለው ሁሉ ለእኔ በቂ ነው። ከዚህ በላይ ያለውን በጽሑፍ አዘጋጅቼ ለሆስፒታሉ አስተዳደር በአካል ለማስገባት ወስኛለሁ። የምጠይቀው መጋረጃው እንዲሰቀል፣ አንዲት አስታማሚ እንዲፈቀድ፣ ባለሙያው ስሙን እንዲናገርና የሚያደርገውን ከማድረጉ በፊት እንዲነግር ነው። የጽዳት ሠራተኛዋም እንድትመሰገንልኝ እጽፋለሁ፤ ስሟን ስለማላውቅ የቀኑንና የተራውን ሰዓት እገልጻለሁ።


መሐል ሜዳ ነኝ፦

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ እውነቱን ለመናገር ፍርሃቴ ጨመረ። የመጀመሪያዬ ነው፤ ቀኔ እየተቃረበ ነው፤ ቤታችን ከከተማው ርቆ የሚገኝ ገጠር ነው። በጤና ጣቢያችን ቅጥር ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቆዪ ይሉኛል። አማቴ ደግሞ «ሰው ቤት ምን ልትበዪ ነው» ትለኛለች። ልሂድ ወይስ ምጤ ሲጀምር ልደውል? ከሄድኩስ ምን ልያዝ?


የጅሩ ልጅ፦

እኅቴ፣ አትፍሪ፤ የጻፍኩት እንድትቀሪ ሳይሆን አውቀሽ እንድትሄጂ ነው። አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ለመረመረኝ ሁሉ «ስምዎ ማን ነው? ምን ሊያደርጉ ነው?» እል ነበር፤ አንቺ በይ። ተቆጪ ማለቴ አይደለም፤ በጨዋ ደንብ የሚጠይቅን ሰው መልስ የሚነፍገው ጥቂት ነው። ክረምት ከሆነ ደግሞ ከጋቢው ሌላ ካልሲና ወፈር ያለ ሹራብ ያዢ፤ ለልጁም ኮፍያ አትርሺ።


አዋላጅ ነርስ ነኝ፦

ወደ ማቆያው ግቢ። ከሩቅ የምትመጣ ሴት ምጧ በሌሊት ቢጀምር፣ መንገዱ በዝናብም ሆነ በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ፣ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ቢሄድ ምን ይሆናል ተብሎ ነው ማቆያው የተሠራው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ሲጎዱ ጤና ተቋማትም ተጎድተው እናቶች ምን ያህል እንደተንገላቱ የዞናችን ሰው ያውቀዋል። ለአማትሽ ስለ ምግቡ እንዲህ በያት፦ ብዙ ቦታ ኅብረተሰቡ እህል ያዋጣል፤ ማብሰያውም አለ፤ እርሷም መጥታ ብታገነፋልሽ የሚከለክላት የለም።

የክትትል ካርድሽን ከእጅሽ አትለዪ፤ የደም ዓይነትሽ ካልተጻፈበት አስጽፊ። የሕፃን መጠቅለያ፣ ለአንቺ ንጹሕ ጨርቅና ቅያሪ ልብስ ያዢ። አብራሽ የምትገባውን ሴት አሁኑኑ ምረጪና አዋላጇን በስም አስተዋውቂያት፤ ኋላ በር ላይ ክርክር እንዳይሆን። ከወለድሽም በኋላ ደህና ነኝ ብለሽ ቶሎ ለመውጣት አትቸኩዪ፤ ብዙው አደገኛ ደም መፍሰስ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ ቢያንስ እስከዚያ ቆዪ።

ወደ ማቆያው ከመግባትሽ በፊት ግን ደም ካየሽ፣ የሽርት ውኃሽ ከፈሰሰ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ ወይም ዓይንሽ ብዥ ካለብሽ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ሂጂ። የአምቡላንሱን ሾፌር ስልክ ቁጥር በአንቺ ስልክ ብቻ ሳይሆን በባልሽም፣ በቅርብ ጎረቤትሽም ስልክ ላይ አስመዝግቢ።


መሐል ሜዳ ነኝ፦

እሺ ሲስተር። አማቴን ነው የመረጥኩት፤ አብራኝ ልትሄድ ተስማምታለች፤ ለገንፎው የሚሆነውን የገብስ ዱቄትም ከአሁኑ እያስፈጨች ነው። እሑድ እንገባለን።